ባነሩ ላይ ያልተጻፈው፦ ሐኪም በምርምር የሚሸለመው ምን ሠርቶ ነው?

ሐዋሳ፣ ወደ ሪፈራል በሚወስደው መንገድ ላይ ባጃጁ ሰው እስኪሞላ ቆሟል። ከፊታችን ባለው አጥር ላይ አዲስ ባነር ተሰቅሏል። ነጭ ጋውን የለበሰ ሐኪም፣ አንገቱ ላይ ሜዳሊያ፣ ከሥሩ በትልልቁ «በቀዶ ሕክምና ምርምር ላስመዘገቡት የላቀ ውጤት እንኳን ደስ አለዎት!» ይላል።

ሹፌሩ አንብቦ ሲጨርስ በመስታወቱ አየኝ። «ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ ኦፕራሲዮን ላይ አንደኛ ነው ማለት ነው?»

«መሰለኝ» አልኩት።

«የእናቴን እንቅርት ያወጣላትም አንደኛ ነበር። ጠባሳዋን ፈልገው አያገኙትም። አሁን ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዷ አንዲት ትንሽ ክኒን ትውጣለች፣ በቃ። ለሱ ግን ማንም ባነር አልሰቀለለትም።»

ቤቴ ገብቼ ሳስበው «መሰለኝ» ማለቴ ስህተት ነበር። ሐኪም አይደለሁም። ግን የሐኪሞችን ጽሑፍ ቋንቋ እያረምኩ ብዙ ዓመት እንጀራ በልቻለሁ። ስለዚህ ለልጁ በወጉ ልመልስለት ይገባኝ ነበር። ይኸው ዘግይቼም ቢሆን።

ሁለት ዓይነት ምስጋና አለ። አንደኛውን ሁላችንም እናውቀዋለን። «እጁ መድኃኒት ነው» ይባላል። በግ ይነዳለታል፣ ማር ይላክለታል፣ «እጅህን ቁርጥማት አይንካው» ተብሎ ይመረቃል፣ የተወለደው ልጅም በስሙ ይጠራል። ይህ የእጅ ምስጋና ነው። የሚሰጠውም ያ እጅ የነካው ሰው ነው።

የምርምር ሽልማት ሌላ ነገር ነው። የሚሸለመው ቢላዋው አይደለም፤ ጥያቄው ነው። «እስካሁን እንዲህ እያደረግን ነው፤ ግን ትክክል ነን?» ብሎ የጠየቀ፣ መልሱን ደግሞ ሌላው ሊያጣራው በሚችል መንገድ ያገኘ ሰው ነው የሚሸለመው። ጎበዝ ሰርጀን (ቀዶ ሐኪም) በዕድሜው ጥቂት ሺህ ሰው ያክም ይሆናል። ትክክለኛ መልስ ያገኘ ተመራማሪ ግን ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላ ስሙን ሰምታ የማታውቅ የሐዋሳ እናት ጠዋት በባዶ ሆዷ ክኒን እንድትውጥ ያደርጋል።

ነገሩን ያነሳሁት ለማሳመር አይደለም። የባጃጅ ሹፌሩ እናት ክኒን ታሪክ በቀጥታ ከአንድ ሽልማት ጋር የተያያዘ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቴዎዶር ኮከር የስዊዘርላንድ ሰርጀን ነበር፣ በርን ከተማ። ያቺ አገር እንደኛ ደጋ ናት። ምግቡ አዮዲን ያንሰዋል፣ እንቅርት ሞልቷል። በዚያ ዘመን እንቅርትን በኦፕራሲዮን ማውጣት ሞትን መጥራት ነበር። ደሙ አይቆምም፣ ቁስሉ ይመረቅዛል። ኮከር ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዷን የደም ሥር እየቋጠረ፣ ንጽሕናውን እየጠበቀ ሠራ። በሺዎች ያክማል፤ የሚሞትበት ሰው ከመቶ አንድ የማይሞላበት ደረጃ ደረሰ። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ «እጁ መድኃኒት ነው» ብለን እንሸኘው ነበር።

አላበቃም። በ1874 የ11 ዓመት ልጅን የታይሮይድ ዕጢ (ሲያብጥ እንቅርት የሚባለውን የአንገት ዕጢ) ሙሉ በሙሉ አውጥቶላት ነበር። ኦፕራሲዮኑ ተሳክቷል። ቁስሉ ድኗል፣ ልጅቷ ወደ ቤቷ ሄዳለች። በኋላ አንድ ሌላ ሐኪም ስለዚያች ልጅ ወሬ አመጣ። ቁመቷ ቀጥ ብሏል፣ ፊቷ አብጧል፣ አእምሮዋ ደንዝዟል። ድሮ መልኳ ከእሷ የማይለይ ታናሽ እህቷ ግን እንደ እኩዮቿ አድጋለች። በ1882 ደግሞ ዣክ ሉዊ ሬቨርዲን የተባለ የጄኔቫ ሰርጀን እሱም በታካሚዎቹ ላይ ተመሳሳይ ነገር ማየቱን ለኮከር ነገረው።

አሁን ራሳችሁን በኮከር ቦታ አስቀምጡ። ስምህ በአውሮፓ ተሰምቷል። ታካሚዎችህ «ድነው» ሄደዋል። ዝም ብትል ማን ያውቃል? ኮከር ግን የድሮ መዝገቡን አወጣ። ያከማቸውን ሰዎች በየቀያቸው አስፈልጎ «ኑ፣ ልያችሁ» አለ። ዕጢያቸው ሙሉ በሙሉ ከወጣላቸው መካከል የመጡት አብዛኞቹ እንደ ልጅቷ ሆነው ነበር። በ1883 በርሊን ላይ በተካሄደው የጀርመን ሰርጀኖች ጉባኤ ቆሞ ያየውን ተናገረ። ከዚያ በኋላ ካንሰር ካልሆነ በቀር ዕጢውን ሙሉ በሙሉ ማውጣት አቆመ።

ያ ኑዛዜ ለሳይንስ ትልቅ ነገር ነገረው። የታይሮይድ ዕጢ ትርፍ ሥጋ አይደለም፤ ሰውነት የሚፈልገውን ነገር ያመርታል ማለት ነው። በ1891 ጆርጅ መሪ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከበግ የታይሮይድ ዕጢ ያወጣውን ጭማቂ ዕጢዋ መሥራት ላቆመ ሴት ሰጣት፤ ሴትየዋም አገገመች። ዛሬ በዚያ ጭማቂ ውስጥ የነበረው ነገር በፋብሪካ እየተሠራ ክኒን ሆኗል። የሹፌሩ እናት የምትውጠው ይህንኑ ነው።

ኮከር በ1909 የኖቤል ሽልማት ሲሰጠው ከሰርጀኖች የመጀመሪያው ነበር። የሽልማቱ ምክንያት ሲጻፍ የታይሮይድ ዕጢን አሠራር፣ በሽታና ቀዶ ሕክምና በተመለከተ ለሠራው ሥራ ይላል። ቅደም ተከተሉን እዩልኝ። ቢላዋው መጨረሻ ላይ ነው የመጣው። ሬቨርዲን ግን አልተሸለመም። «ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ» የሚለው ክርክር በሁለቱ መካከል ብዙ ጊዜ ቆይቷል። ስለዚህ ስለ ሽልማት ስናወራ ስለ ፍትሕ ብቻ እንደማናወራ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

የኮከር ሥራ ዋናው ክፍል ምንድን ነው? ለኔ ታካሚዎቹን መልሶ መጥራቱ ነው። በኛ አገር ምርምር የሚሞተውም እዚያ ላይ ነው።

ጎረቤቴ ሬዚደንት (ለስፔሻሊስትነት የሚሠለጥን ሐኪም) ነው፣ ሰርጀሪ እያጠና። ለመመረቂያው ኦፕራሲዮን የተደረጉ ሰዎች ከወር በኋላ ቁስላቸው እንዴት እንደሆነ ይጠይቃል። ማታ ማታ ከዱቲ ሲወጣ እኔ በረንዳ ላይ ይቀመጣል፤ ኔትወርኩ እዚያ ይሻላል። አንድ እጁ ስልክ፣ አንድ እጁ እስክሪብቶ። በካርዱ ላይ ያለው ቁጥር የታካሚዋ አይደለም፣ የአጎቷ ልጅ ነው። የአጎት ልጅ ሻሸመኔ ነው ያለው፣ እሷ ያለችው በንሳ ገጠር። «ገበያ ሄዳለች፣ እሁድ ደውል።» እሁድ ሲደውል ስልኩ ዝግ ነው። አንድ ምሽት ደግሞ አንድ አባት አነሱ። «ቆየኝ» እንኳ አላሉትም። «አረፈ እኮ፣ ልጄ» አሉት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሻይ አቀረብኩለት፣ አልጠጣም። ከዚያ እስክሪብቶውን አነሳና በሠንጠረዡ ውስጥ ጻፈው።

መጻፍ አለበት። ያንን ሰው «አልተገኘም» ብሎ ቢያልፈው የጥናቱ ውጤት ያማረ ይሆናል፤ ግን ውሸት ነው። ለማነጻጸር ያህል እንበልና፣ አንድ ሐኪም በኦፕራሲዮን ለወለዱ እናቶች አዲስ የቁስል አያያዝ ሞከረ። በድሮው መንገድ ከ100 እናቶች የ12ቱ ቁስል መረቀዘ። በአዲሱ ከ100 የ7ቱ። አዲሱ አሸነፈ? አይደለም፣ ገና ነው። ሳንቲም 10 ጊዜ ወርውረህ 7 ጊዜ ዘውድ ቢወጣ ሳንቲሙ ተበላሽቷል አይባልም፤ ዕድል ሊሆን ይችላል። በዚህ መጠን የ12 እና የ7 ልዩነትም ዕድል ሊሆን ይችላል። ከዚያ ላይ ከአዲሱ ቡድን 20 እናቶች ለቀጠሮ ሳይመለሱ ቀርተው ከሆነ ደግሞ ነገሩ ጭራሽ ይበላሻል። ቁስሏ የመረቀዘባት እናት ዲላ ወይም ሶዶ ሌላ ክሊኒክ ገብታ ይሆናል። አንተ «ደህና ናት» ብለህ ቆጥረሃታል። ጥሩ ጥናት የሚባለው ብዙ ሰው ያካተተ፣ ማን በየትኛው መንገድ እንደሚታከም በዕጣ የለየ፣ የጠፋውንም የሞተውንም ያልደበቀ ነው።

ዕጣ ስል ሐኪሙ ራሱ «ይቺ ጠንካራ ናት፣ አዲሱን ትሞክር» እንዳይል ነው። በመድኃኒት ላይ ይህ ቀላል ነው። አንዱ እውነተኛ ክኒን፣ አንዱ የዱቄት ክኒን ይሰጠዋል። ማንም አያውቅም። በኦፕራሲዮን ላይ ግን ምን ታደርጋለህ? የውሸት ኦፕራሲዮን?

አዎ፣ እሱም ተደርጓል። አሜሪካ ውስጥ ብሩስ ሞዝሊ የተባለ የአጥንት ሐኪምና ባልደረቦቹ 180 የጉልበት ሕመምተኞችን አስፈቅደው በዕጣ ለዩአቸው። አንዳንዶቹ ጉልበታቸው በመሣሪያ ታጠበ፣ አንዳንዶቹ ተጠረገ። ሌሎቹ ቆዳቸው ብቻ ተበጥቶ ተሰፋ። ውጤቱ በ2002 ታተመ። ሁለት ዓመት ተከታትለዋቸው ሕመማቸው እኩል ሆኖ ተገኘ። ሐኪሞች ለዓመታት በሙሉ እምነት ሲሠሩት የነበረ ኦፕራሲዮን ለዚያ ሕመም ከስፌቱ የተሻለ ነገር አልነበረውም። የኮከርን ወኔ እዚህም አየሁት። በራሱ ሙያ ላይ የሚፈርድ ጥናት የሚሠራ ሰርጀን ብዙ ወዳጅ አያገኝም።

እንግዲህ ጥናቱ ተሠራ እንበል። ቀጥሎ «ፔፐር» ይሆናል። ጽሑፉ ወደ ጆርናል (የምርምር መጽሔት) ይላካል። የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር ከ1962 ጀምሮ የራሱን ጆርናል ያሳትማል፣ የውጮቹም አሉ። ጆርናሉ ጽሑፉን ለማይታወቁ ሌሎች ባለሙያዎች ይልከዋል። እነሱ ይነቅሳሉ፣ ይመልሳሉ፣ አንዳንዴም ያቃጥላሉ። ካለፈ ይታተማል። ከዚያ ሌሎች ተመራማሪዎች በራሳቸው ጽሑፍ ውስጥ ይጠቅሱታል። ሸላሚዎች ከሚያዩአቸው ቁጥሮች አንዱ ይሄ የመጠቀስ ብዛት ነው። ኤች ኢንዴክስ የሚባል መለኪያም አለ፤ ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ በ2005 ያወጣው። ነገሩ ቀላል ነው። ኤች ኢንዴክሱ 10 ነው ከተባለ፣ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱ 10 ጽሑፎች አሉት ማለት ነው።

እዚህ ላይ የኛ የሐበሾች ጣጣ አለ፣ ሳልነግራችሁ ባልፍ ይቆጨኛል። ፈረንጅ ሲጠቅስ የመጨረሻውን ስም ይዞ ነው። የኛ የመጨረሻ ስም ደግሞ የአባት ስም ነው። ዶክተር ከበደ ተሰማ ሌት ተቀን ለፍቶ ያሳተመው ጥናት በዓለም ላይ «ተሰማ» ተብሎ ይጠቀሳል። ከበደ ይለፋል፣ አባቱ ይከብራሉ! በዚያ ላይ ተሰማ በላቲን ፊደል ሦስት ዓይነት ይጻፋል፤ ኮምፒውተሩ ሦስት ሰው አድርጎ ይቆጥራቸዋል። ከ2012 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ተመራማሪ ኦርኪድ የሚባል ባለ 16 አኃዝ ቁጥር እየተሰጠ ነው። ከበደ ያንን ካወጣ ቢያንስ ከአባቱ ጋር አይምታታም።

የስሞቹ ቅደም ተከተልም የራሱ ቋንቋ አለው። በሕክምና ጽሑፍ ላይ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የተጻፈው ዋናውን ሥራ የሠራው ነው። መጨረሻ ላይ ያለው ቡድኑን የመራው አንጋፋ። መሃል ያሉት እንደየድርሻቸው። አንዳንዴ መሃል ላይ ምንም ያልሠራ አለቃም ይገባል። ይህ በዓለም ሁሉ ያለ ነውር ነው፣ በኛ አልተጀመረም።

በተቃራኒው ደግሞ ሠርቶ ስሙ የማይገባ አለ። ልባቸው በተፈጥሮ ችግር ስላለበት ከንፈራቸው የሚጠቁር ሕፃናት ነበሩ። በ1944 ባልቲሞር ውስጥ አልፍሬድ ብላሎክ የተባለ ሰርጀን ለአንዷ ሕፃን አዲስ ኦፕራሲዮን ሠራላት። ከጀርባው በበርጩማ ላይ ቆሞ «እንዲህ አድርግ፣ በዚህ በኩል ስፋው» እያለ የሚነግረው ሰው ነበር። ቪቪየን ቶማስ። ሐኪም አልነበረም። ሕክምና መማር ቢመኝም ገንዘቡ ያለቀበት ጥቁር የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነው። ቴክኒኩን በውሾች ላይ ደጋግሞ የሠራው እሱ ነበር። ኦፕራሲዮኑ በብላሎክና በሐሳቡ አመንጪ በሔለን ታውሲግ ስም ተጠራ። ቶማስ የክብር ዶክትሬት ያገኘው በ1976 ነው።

የኛው ታሪክ ከዚህ ይሻላል። ባልና ሚስቱ ሐኪሞች ካትሪንና ሬጂናልድ ሀምሊን በ1959 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። ዛሬ ከቅርንጫፎቹ አንዱ ከኛ ብዙም የማይርቀው ይርጋለም ነው። ማሚቱ ጋሼ ራሷ የፊስቱላ ታካሚ ሆና የመጣች የገጠር ልጅ ነበረች። ፊደል አልቆጠረችም። አልጋ በማንጠፍ ጀመረች፣ መሣሪያ ማቀበል ቀጠለች፣ በመጨረሻ ራሷ ቀዳጅ ሆነች። ሐኪሞችንም አሠለጠነች። በ1989 የለንደኑ የሰርጀኖች ሮያል ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ለሀምሊኖች ሲሰጥ ማሚቱም አብራቸው ተሸለመች። ሽልማት እንዲህ ሲሆን ደስ ይላል። ዛሬም በየወረዳው ሆስፒታል ሌሊት እናቶችን በኦፕራሲዮን ከሚያዋልዱት ብዙዎቹ ሐኪሞች ሳይሆኑ ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የሠለጠኑ የጤና ባለሙያዎች ናቸው። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲም ካሠለጠኗቸው አንዱ ነው። ባነር ላይ ግን አላየኋቸውም።

ስለ ጊዜም ልበል። ተመራማሪው አክሊሉ ለማ በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አየ፤ ከእነሱ በታች ባለው ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተዋል። እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉ ናቸው፤ የሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ አስጋሪዎች በሽታውን ያውቁታል። አክሊሉና ባልደረባው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ያገኙት በ1989 ነው። ከ25 ዓመት በኋላ! መዘግየቱ ያናድዳል። ግን መቸኮልም አለው። ፖርቱጋላዊው ኤጋሽ ሞኒዝ የአእምሮ ሕመምተኞችን ከአንጎላቸው የፊት ክፍል የሚወጡ መስመሮችን በመቁረጥ ለማከም ባወጣው ዘዴ በ1949 ኖቤል ተሸልሟል። ዛሬ ያ ዘዴ ብዙ ሰው ያጎደለ ስህተት ተብሎ ይነገራል። የጎደለው ምን ነበር? የኮከር ዓይነት ሥራ። ታካሚዎቹን በቂ ጊዜ ተከታትሎ፣ የተጎዱትን ሳይደብቅ መቁጠር።

በገንዘብ የሚገዛ ሽልማት የሚባል ሌላ ጉድም አለ። ሐኪሞቻችን ኢሜይላቸውን ሲከፍቱ «የዓመቱ ምርጥ ተመራማሪ ሆነው ተመርጠዋል፤ ለመቀበል የመመዝገቢያ ይክፈሉ» የሚል ደብዳቤ ሞልቶ ያገኙታል። ከፋዩ ዋንጫውን በፖስታ ይቀበላል። ፎቶ ይነሳል፣ ይለጠፋል። ተሸላሚው የሚከፍልበት ሽልማት ግዢ ነው። ስለዚህ ባነር ስታዩ ማን ሸለመው፣ ለየትኛው ጥናት፣ ያ ጥናት ታካሚ አልጋ ላይ ምን ለወጠ ብላችሁ ጠይቁ። ሦስተኛው ላይ መልስ ካለ ሌላውን እርሱት።

ያን ባጃጅ ከሳምንት በኋላ ፒያሳ አገኘሁት። የኮከርን ነገር፣ የልጅቷን ነገር፣ ሐኪም ታካሚውን እየፈለገ የሚደውል መሆኑን ነገርኩት። መሪውን ይዞ ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ሳቀ።

«ጋሼ፣ ለእናቴም ተደውሎ ነበር እኮ። ከሆስፒታል ነው ብሎኛል። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

«እና ምን አልከው?»

«ሎተሪ ደርሶዎታል የሚሉት መስለውኝ ዘጋሁት።»